የአባባ ወልዴን ዕዳ ያቃጠልኩ ጊዜ

ከሥራ ያስወጣኝ ወገቤ ነው እንጂ እኔማ አልወጣም ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ወገብ ሳሽና ሳቃና ኖሬ፣ አንድ ቀን የራሴው ወገብ “በቃኝ” አለ። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና “ከእንግዲህ ከአምስት ኪሎ በላይ እንዳታነሳ” አለኝ።

“ዶክተር፣ ይሄ ጭንቅላቴ ብቻውን ስንት ኪሎ ይመስልሃል?” አልኩት።

አልሳቀም። ልጅ ነው፣ ይማራል።

እና አሁን ሞላሌ ላይ የስፖንጅ ፍራሽ እሸጣለሁ። ድሮ ሰውን ፍራሽ ላይ አገላብጥ ነበር፣ ዛሬ ፍራሹን ራሱን አገላብጣለሁ፤ ልዩነቱ ፍራሽ “ቀስ በል!” ብሎ አይቆጣም። ደንበኛ ሲመጣ ይሄ ለጤነኛ፣ ይሄ አልጋ ለያዘ ሰው፣ ይሄ ደግሞ ለማይወዱት እንግዳ ብዬ አስረዳለሁ። ሰው ከቦኝ ይሰማል። አይገዛም እንጂ ይሰማል።

ስለ ራሴ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላ ሰው ሲናገረው ያሳንሰዋል። ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ፣ አልጋ የያዘ ሰው ገልብጦ በማስተኛት ታምሬን የሚስተካከል የለም። በእጄ ጀርባው የቆሰለ ሰው የለም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን በመድኃኒት ካርቶን ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። “ከብርሃንና ከእርጥበት ያርቁ” የሚለውን ገና ትርጉሙን ሳላውቀው በቃሌ ይዤው ነበር።

ሥራውን የጀመርኩት መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ውስጥ እንጨት ፈላጭ ሆኜ ነው። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው ከአልጋ ወድቀው ሦስት ሰው እጃቸውን ይጎትታል፣ እሳቸው ይጮኻሉ። መጥረቢያዬን ጣልኩና ገባሁ፤ በደረታቸው ስር ክንዴን አሳልፌ፣ ጉልበታቸውን አጥፌ፣ በአንድ ትንፋሽ አልጋው ላይ አሳረፍኳቸው። ጋሽ መኮንን በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ጋሽ መኮንን የድሮ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ።

“ይሄን ማን አስተማረህ?” አሉኝ።

“የአባቴ በሬ። ገደል አፋፍ ወድቆ ቀንዱን ስንጎትት ዋልን፤ ኋላ ከደረቱ ስር ገብቼ አነሳሁት።”

“በል ነገ መጥረቢያውን ተውና ና።”

ይኸው ነው ቅጥሬ። ደመወዙ ከመምጣቱ መሄዱ ይፈጥን ነበር፤ ስለ ደመወዝ በዚህ አበቃሁ።

ጋሽ መኮንን በቃል አያስተምሩም። ታያለህ፣ ትሠራለህ። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቃሉ፤ የመንዝን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን እንደሆነ ይገባዋል። አልጋው ጋ ሲደርሱ የአልጋውን ብረት እንደ በር ያንኳኳሉ። “ቤታቸው እኮ ነው” ይላሉ፤ “ከቤታቸው የቀረቻቸው ይህቺው አልጋ ናት።” ቆመው አያበሉም። “ቆሞ የሚያበላ ሰው የሚያባርር ይመስላል።” ግማሽ ጎኑ የማይሰማ በሽተኛ ከሆነ በሚሰማው ጎን ይቀመጣሉ። ቀጭን ነገር ትን ስለሚል ወፈር ያለ የገብስ ገንፎ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ በደህናው ጉንጭ። ሲያገላብጡ ደግሞ በሽተኛውን ያስቆጥሩታል፤ “አንድ፣ ሁለት” ሲል ሳያውቀው ራሱ ይረዳሃል። ተረከዝ በየቀኑ ይታያል። ስታጠፋ አይቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ። መነጽሩ ከወለቀ አለቀልህ።

መሐል ላይ ዓለም ከተማ ተዛውሬ ሠርቻለሁ። ከብርዱ ወርጄ ሙቀቱ ውስጥ ስገባ የመጀመሪያ ሳምንት በሽተኛው እኔ ነበርኩ። እዚያ የነበረው አለቃ ቅጽ ይወዳል፤ አንድ ሽማግሌ ውሃ ጠጡ ለማለት ሦስት ቅጽ ይሞላል፣ ቅጹ እስኪያልቅ ሽማግሌው እንደገና ይጠማሉ። ጋሽ መኮንን ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው፣ ደጋግ ሰዎች ሞላሌ ያቋቋሙትን አሥራ ሁለት አልጋ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ሲረከቡ “ና” አሉኝ። በመጀመሪያው መኪና መጣሁ።

መጦሪያው ውስጥ አንድ የራሴ ፈጠራ ነበረኝ፤ እንደ ጉድ የምኮራበት። ከየገጠሩ የሚመጡ ሽማግሌዎች የሱፍ ባናቸውን፣ ያን ወፍራም የደጋ ብርድ ልብስ፣ ለብሰው ነው የሚመጡት። ባና ደግሞ ብርድ እንጂ ቅማል አይከለክልም። በፈላ ውሃ እንዳታጥበው ይኮማተርና የሕፃን ልብስ ይሆናል። ስመራመር ስመራመር ቅማል ቤተ መንግሥቱን የሚሠራው ዘርፉ ላይ፣ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ በተቋጠረው ክር ውስጥ መሆኑን ደረስኩበት። ስለዚህ ማንም አዲስ ሰው ሲመጣ ዘርፉን በመቀስ እከረክመውና እሳት ውስጥ እጥለዋለሁ፤ ባናውን በፀሐይና በውርጭ አሰጣለሁ። አለቀ። ከሌላ ቦታ ሰዎች መጥተው ዘዴውን ጠይቀውኛል። ሁለት ናቸው። አንዱ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነበር።

አባባ ወልዴ የመጡት ጋሽ መኮንን ለሁለት ሳምንት ደብረ ብርሃን በሄዱበት ጊዜ ነው። ከጓሳ አፋፍ ካለች መንደር እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ፣ ከዚያ በአይሱዙ። ባና ሸማኔ ናቸው። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው ከትከሻ እስከ እግር ዝም ብሏል። ከቃል ሁሉ የቀረቻቸው አንዲት ቃል “እሺ” ናት።

“አባባ፣ ያምዎታል?”

“እሺ።”

“አያምዎትም ማለት ነው?”

“እሺ።”

“እንዲህ ያለ ባል እያለ ሴቶቹ ምን ነካቸው!” አልኩ፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም በግማሽ አፋቸው ሳቁ።

ትከሻቸው ላይ ጥቁር፣ ከባድ ባና አለ። ዘርፉ ግን ምን ዓይነት ዘርፍ ነው! ተንዘላዝሎ፣ በላዩ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ ዳለቻ ጠጉር ቆንጠር ቆንጠር ተደርጎ የታሰረበት፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ። እንዲህ ያለ ቆሻሻ አይቼ አላውቅም። መቀሴን ሳወጣ በግራ እጃቸው ጫፉን ያዙና “እሺ! እሺ! እሺ!” አሉ፤ ዓይናቸው ፈጦ።

“አይዞዎት አባባ፣ ለጤናዎ ነው” ብዬ ጣታቸውን አንድ በአንድ አላቀቅኩ። ከረከምኩት። ውሃ በምናፈላበት በርሜል ስር ጣልኩት። የተቃጠለው ጠጉር ሽታ ግቢውን ሞላው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ማንኪያ ይቀምሱና አፋቸውን ይዘጋሉ። በቃ፣ እንደ ሳጥን። የግራ እጃቸው ጣቶች ደግሞ ቀኑን ሙሉ የብርድ ልብሱን ጫፍ ይፈልጋሉ፣ ያሻሉ፣ ይጎትታሉ። እኔ ሊቁ ምን አልኩ? “ይሄ የበሽታው ጠባይ ነው፤ ጣት ይቅበዘበዛል” ብዬ ለሁሉም አስረዳሁ። እጃቸው እንዳይቆስል ብዬ ካልሲ አጠለቅኩላቸው።

ገበያ ቀን ሲደርስ ጠያቂ መጣ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ብርቱካን ይዘዋል። ከነሱ አንዱ አያ ጫኔ ናቸው፤ ሰፊ ኮፍያ፣ ሰፊ አፍ።

“እንዴት ሰነበቱ አባባ ወልዴ! ያቺ አራት ባና እንዳለችብዎት አልረሷትም አይደል?”

“እሺ።”

አያ ጫኔ ወደ እኔ ዞሩ። “ሰማህ፣ ምስክር ነህ። ወይስ አምስት ነበረች አባባ?”

“እሺ።”

“አያ ጫኔ” አልኳቸው፣ “ትንሽ ቢቆዩ ጓሳን ከነሣሩ ያወርሱዎታል። ይውጡልኝ!” ብርቱካኑን አስቀርቼ ሰውዬውን አስወጣኋቸው።

በማግስቱ ጥሩወርቅ መጣች። የአባባ ወልዴ ብቸኛ ልጅ ናት፤ ሞላሌ ገበያ እህል ትነግዳለች። ቁመቷ እስከ ደረቴ ነው፣ ድምፅዋ ግን ከእኔ በላይ ነው። ሳትቀመጥ፣

“ታምሬ፣ የአባዬ ባና የት አለ?”

አመጣሁላት። ዘረጋችው። ወደዚህ አዞረችው፣ ወደዚያ አዞረችው።

“ዘርፉስ?”

“ምን ዘርፍ?”

“ምን ዘርፍ ትለኛለህ! ደብተሩ ነው እኮ። አባዬ ፊደል አልቆጠረም። ሰው ባና ሥራልኝ ብሎ የበግ ጠጉር ሲያመጣለት፣ ከጠጉሩ ቆንጥሮ ከራሱ ባና ዘርፍ ላይ ያስራል። አንድ ቋጠሮ አንድ ባና። ሠርቶ ሲያስረክብ ይፈታዋል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው የሠራው። ማን ስንት እንዳለበት ያለው እዚያ ላይ ነው!”

ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ እውነቱን ይናገራል። እኔ ግን “መንገድ ላይ ተበጥሶ ይሆናል” አልኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ውሸት ነበር እንዳልላችሁ ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል።

አባባ ወልዴ ከአልጋቸው ያዩኛል። “እሺ” አሉ፣ በዝግታ። ያቺ እሺ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ጥሩወርቅ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። “ለሦስት ሰው ከፍያለሁ። ጫኔ አንዱ ነው፤ የሁለት ባና ከፍዬው ገና አራት ይቀራል ይለኛል። እውነት ይሁን ውሸት በምን አውቃለሁ? የእህል መነሻዬ እያለቀ ነው፤ የሚቀረው የአባዬ ቤት ነው።”

“ሕግ የለም እንዴ? የአባትን ዕዳ ልጅ በግድ ይከፍላል?”

“ማመልከቻ ጸሐፊውን ጠይቄዋለሁ። ካልወረስሽ አትገደጂም አለኝ። እኔንማ ሕጉ ያወጣኛል፣ አባዬን ማን ያወጣዋል? የሰው ጠጉር በቤቱ ይዞ መሞት ነው የሚፈራው። ያልበላው ለምን ይመስልሃል? ዕዳውን ሳይከፍል የሚጎርሰው የሰው ሲሳይ መስሎት ነው።”

እኔ እኮ ጉሮሯቸው ነው ብዬ ገንፎውን ሳቀጥን ሳወፍር ሰንብቻለሁ።

ጋሽ መኮንን ከደብረ ብርሃን የተመለሱ ዕለት በቀጥታ ወደ አባባ ወልዴ አልጋ ሄዱ። አንኳኩ፣ እጃቸውን አሞቁ፣ በግራ በኩል ተቀመጡ። ካልሲውን አዩ። ቀስ ብለው አወለቁት። ወዲያው መነጽራቸውን አወለቁ።

ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ መቀሱን፣ እሳቱን፣ ውሸቱን።

“ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?” አሉ መነጽሩን እየጠረጉ። “ለባለቤቱ ንገራቸው።”

የአልጋውን ብረት አንኳኳሁ። እጄን ብብቴ ውስጥ አሞቅኩ። ተቀመጥኩ። “አባባ፣ ዘርፉን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ለጥሩዬም ዋሽቻታለሁ። ይማሩኝ።”

ግራ እጃቸውን አነሱ። ሊባርኩኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በጥፊ አጮሉኝ! ግራ እጅ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፣ የሸማኔ እጅ ነው።

“ጎሽ” አሉ ጋሽ መኮንን፤ ካርዱን አንስተው “የግራ እጅ ኃይል በጣም ጥሩ” ብለው ጻፉ። ከዚያ ለሽማግሌው “አባባ፣ ከእንግዲህ አዎ ሲሆን እጄን ጨበጥ ያድርጉ፤ አይደለም ሲሆን መዳፍዎን ይክፈቱ” አሏቸው። “ስምዎ ወልዴ ነው?” ጨበጡ። “ይሄ ታምሬ ብልህ ሰው ነው?” መዳፋቸው ወለል ብሎ ተከፈተ። አእምሯቸው እንደ ውርጭ ጥርት ያለ ነበር። የተቆለፈው ምላሳቸው ብቻ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ።

“አየህ” አሉኝ ጋሽ መኮንን፣ “ያቃጠልከው ደብተሩን ነው። ጸሐፊው ግን እዚሁ ተኝተዋል።”

ይህን ሲሉ ነው ያ ጭንቅላቴ የሠራው፤ ቅድም ኪሎውን ዶክተሩን የጠየቅኩት። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ቤተ ዘመዱ ይቆምና “ለሟች ያበደረ፣ ከሟች የተበደረ ካለ ይናገር” ይላል። ሬሳ ደግሞ አይመሰክርም፤ የፈለገው ይናገራል። ታዲያ በቁማቸው ብንጠይቅስ?

“አንተ!” ብላ ጮኸች ጥሩወርቅ ስነግራት። “አባቴ ሳይሞት ለቅሶ ልታስቀምጠኝ ነው?”

“ሰው በሕይወቱ የቁም ተዝካሩን ያወጣ የለም እንዴ? ይሄም የቁም ዕዳ ጥየቃ ነው። ጠያቂው ሁሉ ከበጉ ጠጉር አንድ ጭብጥ ይዞ ይምጣ። አፉ ሳይሆን ጠጉሩ ይናገር።”

አባቷን ጠየቀቻቸው። እጇን እንደዚያ ሲጨብጧት ጮኸች ነው የምላችሁ።

መልእክቱ በገበያውና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተነገረ። በቀጠሮው ጠዋት ፀሐዩ ግቢውን ሲሞላ ወደ አሥር ሰው መጣ፤ ሁለት ሽማግሌዎችም ዳኛ ሆነው ተቀመጡ። አባባ ወልዴን በወንበር አውጥቼ በማይሰማው ጎናቸው ሁለት ትራስ፣ በእግራቸው ስር አንድ፣ ክንዳቸው እንዳይንጠለጠል አንድ አድርጌ እንደ ጳጳስ አስቀመጥኳቸው። ጉልበታቸው ላይ የክር ልቃቂት። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ጠያቂው ስንት ባና እንዳለው በመጀመሪያ ለዳኞቹ በጆሯቸው ይነግራል። ከዚያ ጠጉሩን አባባ ወልዴ ጉልበት ላይ ያኖርና ዝም ይላል።

የመጀመሪያዋ እትዬ አስካለ ነበሩ፤ ከሞላሌ አጠገብ በግ የሚያረቡ ባልቴት። ነጭ ጠጉር አኖሩ። አባባ ወልዴ በሁለት ጣት አሹት፣ ወደ ብርሃን አነሱት፣ አሸተቱት። ከዚያ በግራ እጃቸውና በጥርሳቸው ክሩን ይዘው ቋጠሩ፤ አንድ። ደግመው ቋጠሩ፤ ሁለት። ቆሙ።

“ስንት ብለው ነበር?” አልኩ ዳኛውን።

“ሁለት።”

እልልታው ቀለጠ። ጥሩወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቀጣዩ ሦስት፣ ሦስት ሆነ። ቀጣዩ አንድ፣ አንድ ሆነ። አንዱማ “አንድ” ብሎ፣ እሳቸው መዳፋቸውን ከፍተው ወደ ትከሻው ሲጠቁሙት ጊዜ ተረክቦ የለበሰው ባና መሆኑን አስታወሰና “ይቅርታ አባባ፣ ዕዳውን አስታውሼ መክፈልዎን ረስቼ!” ብሎ ተቀመጠ።

አያ ጫኔ ተነሱ። ኮፍያቸውን አስተካክለው አንድ ጭብጥ ነጭ ጠጉር አኖሩ። አባባ ወልዴ አሹ። አሸተቱ። ግማሽ አፋቸው ፈገግ አለ። እትዬ አስካለን በጣታቸው ጠሩና ጠጉሩን መዳፋቸው ላይ አኖሩላቸው።

እትዬ አስካለ አገላብጠው አዩት። “ኧረ በሥላሴ! ይሄማ የእኔዋ ነጭ በግ ጠጉር ነው! ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ለትራስ ነው ብሎ የገዛኝ!”

“በግ ከበግ ይመሳሰላል” አሉ አያ ጫኔ።

“ሰውም ከሰው ይመሳሰላል፤ ቀጣፊ ግን ይለያል!”

ሳቁ እስኪበርድ ዳኞቹ ጠበቁና ጥሩወርቅ ለአያ ጫኔ የከፈለችው እንዲመለስ ፈረዱ። አያ ጫኔ ኮፍያቸውን ይዘው ሲወጡ “ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር!” አልኳቸው።

የመጨረሻው ጠያቂ ሐጂ ኢብሬ ናቸው። ከአንድ የቆላ ከተማ በመጀመሪያው መኪና ወጥተው ብርዱን በሁለት ጋቢ ተከናንበዋል። ባና ነጋዴ ናቸው፤ ከግሼ ጠጉር ይገዙና ለአባባ ወልዴ ይሰጣሉ፣ የእጅ ዋጋውንም አስቀድመው ይከፍላሉ። በዳኞቹ ጆሮ አንሾካሾኩ። ቡናማውን ጠጉር አኖሩ።

አባባ ወልዴ ሲያዩት ዓይናቸው በራ። አንድ ቋጠሩ። ሁለት። ዳኛው “በቃ፣ ልክ ነው!” ብለው እጃቸውን አነሱ። ሦስት።

“አባባ ወልዴ፣ ሁለት ነው” አሉ ሐጂ።

አራት።

“ኧረ በአላህ! ሁለት ነው እያልኩ!”

አምስት። ክሩን በጥርሳቸው አጠበቁትና “እሺ” አሉ።

ሐጂ ኢብሬ ወደ እኛ ዞሩ። “አምስት ነበር። ሦስቱን ትቻለሁ። የታመመ ወንድም ላይ ምን አደርጋለሁ? አላህ ይተካልኛል።”

አባባ ወልዴ መዳፋቸውን ከፈቱ። ወለል አድርገው። ሐጂ ለመዝጋት ጣታቸውን ይዘው ቢታገሉ ያቺ መዳፍ አልዘጋ አለች።

አንደኛው ዳኛ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ስንት ዕዳ ዳኝተናል፤ አበዳሪ ቀንሱልኝ፣ ተበዳሪ ጨምሩብኝ ብሎ ሲጣላ ዛሬ ገና ማየታችን ነው። አምስት ይሁን። ባለዕዳው ያውቃል።”

አባባ ወልዴ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ጠጉር ሲታይ አብዛኛው ደህና ነበር፤ ብል የበላውን የአንድ ባና ጠጉር እንድተካ ዳኞቹ በእኔ ላይ ፈረዱ። የመቀሱ ቅጣት። “ፍርዱ ቀለለ” አሉ ጋሽ መኮንን፤ ጨመሩና ጠጉሩን ለፈታይ ሴቶች በየመንደሩ ተሸክሜ እንዳደርስም አደረጉ። ሽመናውን ከአባባ ወልዴ እጅ ሙያ የለመዱት ሸማኔዎች በወንፈል ተካፈሉት። አንዱ የሽመና ዕቃውን መጦሪያው ግቢ ዳስ ውስጥ ተከለ። ያ ጥፋት ነበር! አባባ ወልዴ በወንበራቸው አጠገቡ ተቀምጠው ጠርዙን በግራ እጃቸው ይዳብሳሉ፤ ካልጠበቀ መዳፍ ይከፈታል። ሁለት ጊዜ አስፈትተውታል። ሰውየው “አባባ፣ ድሮም እንዲህ ነበሩ፣ ያኔ ግን ይሳደቡ ነበር፤ ይሄ ይከፋል” አለ።

አንድ ባና ባለቤቱ ጋ በሄደ ቁጥር አንድ ቋጠሮ በጥርሳቸው ይፈታሉ። ማንኪያውም ከሦስት ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ስድስት ከፍ አለ። ከስድስት ግን አላለፈም። የሐጂ ኢብሬ አምስቱ ስላላለቁ።

ሐጂ ሊረከቡ የመጡ ዕለት ዝናቡ ሊጀምር ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። አምስቱን ባና አልጋው ግርጌ ደረደርናቸው። ሐጂ አራቱን በትከሻቸው አነሱና አምስተኛውን ዘርግተው አባባ ወልዴን አለበሷቸው።

“ይሄ ዕዳ አይደለም። ጥየቃ ነው። ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም” አሉ።

የአባባ ወልዴ ግራ እጅ ባናውን ከደረታቸው ላይ ያዘ። ጎተተው። ትንሽ መጣ። አረፉና እንደገና ጎተቱ። ጥሩወርቅ ልትረዳቸው ስትነሳ ጋሽ መኮንን ክንዷን ያዙ። እኔም እጄ በላኝ፣ ሃያ ዓመት ሰው ሲቸገር ዝም ብሎ ማየት ያልለመደ እጅ ነው፤ ግን ቆምኩ። ባናው ከሆዳቸው ወረደ። ከማይሰማው እግራቸው ላይ በጭንቅ አለፈ። ላባቸው ግንባራቸው ላይ ወጣ። በመጨረሻ ጠቅልለው፣ በአንድ እጅ የሚቻለውን ያህል ጠቅልለው፣ ሐጂ ኢብሬ ደረት ላይ ገፉት።

ሐጂ ተቀበሉ። “ሐላል ነው አባባ ወልዴ። ምንም የለብዎትም።”

አባባ ወልዴ ጀርባቸውን ትራሱ ላይ ጣሉ። ወደ ጥሩወርቅ አዩ፣ ወደ ጋሽ መኮንን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አፋቸውን ከፈቱ።

ሮጥኩ። ገንፎውን አመጣሁ፣ ተቀምጬ አጎረስኳቸው። ስድስት። ሰባት። አሥር። ሳህኑን ጠረግነው። ማንኪያውን ላስቀምጥ ስል እንደገና ከፈቱ።

ሁለተኛው ሳህን የእኔ ምሳ ነበር።